ጅራቱ የቀደመ ቁርበት

በ1996 ዓ.ም. ክረምት የሃምሳ ስድስት ዓመት ሰው ነበርኩ፤ ጥርሴም ጉልበቴም ሙሉ ነበር፣ ቅናቴም እንደዚያው። ነገሩን የቀሰቀሰብኝ ትናንት ልጄ በስልኩ ያሳየኝ ፊልም ነው። የልጅ ልጄ ቶላ ዱባይ ይሠራል፤ እዚያ ትልቅ የገበያ ቤት ውስጥ የበረዶ ሜዳ ተሠርቶ፣ ከውጭ ፀሐዩ ድንጋይ እየሰነጠቀ እነሱ ካፖርት ለብሰው፣ ሥሩ ስለት ባለው ጫማ በበረዶው ላይ ይንሸራተታሉ። የቶላን ሕፃን በሁለት እጁ ደግፎ የሚያንሸራትታት ሊጠይቃቸው የሄደው የሚስቱ አባት ነው። ልጄ "ደስ ይላል" አለ፣ ስልኩን ግን ቶሎ አጠፋው። እሱም እኮ አያቷ ነው፤ መቱ ተቀምጦ በስልክ የሚያያት አያት። ያንን ፊት አውቀዋለሁ፤ የኔ ፊት ነው።

ቶላ ያኔ ስድስት ዓመቱ ነበር። ሲወለድ እኔ ስጦታው አልኩት፣ የእናቱ አባት ኦቦ ዲሳሳ ቶላ አለው፤ እኔ ባወጣሁለት ስም ከኔ በቀር የጠራው የለም። ዲሳሳ ከመቱ አጠገብ ሁሩሙ ቡናና ቀፎ ያለው ገበሬ ነበር፤ እኔ በሰባ ሰባት ከወሎ በሰፈራ መጥቼ መቱ ገበያ እህል የምቸረችር ሰው ነኝ። ልጁ ከሱ ጋር በኦሮምኛ ሲያወራ ከአፉ ማር ይንጠባጠባል፤ ወደኔ ሲዞር ግን እንደ እንግዳ "እንደምን አደሩ" ይለኛል።

ነሐሴ ላይ አንድ እሑድ ቤተሰቡ ሁሉ በሚኒባስ ሁሩሙ ወረድን። ከዲሳሳ ቤት ጀርባ እስከ ጅረቱ ድረስ የሚወርድ ቀይ ሸክላ አለ፤ ዝናብ ሲጠግብ ድመት እንኳ አይቆምበትም። የዚያ ሰፈር ልጅ ከሙዝ ግንድ ሰፊ ልጣጭ ገሽልጦ ይቀመጥበትና ይወርዳል፤ አያት የልጅ ልጁን ጭኑ መሀል አድርጎ አንዴ ካልወረደ ደግሞ ክረምቱ አልወጣም ይላሉ። እኔ የዲሳሳን ሙዝ ላለመለመን፣ ከወሎ ተሸክሜ ያመጣሁትን፣ ጭስ ጭስ የሚለውን የምተኛበትን የበሬ ቁርበት ጠቅልዬ ሄድኩ። ልጅ ሆኜ በደረቁ የሀገሬ ሣር ላይ በእንዲህ ያለ ቁርበት ስወርድ የሚቀድመኝ አልነበረም። ባለቤቴ ከበቡሽ መንገዱን ሙሉ ስትስቅብኝ ዋለች።

ቶላ ቁርበቱን ዞሮ አየውና "አባባ፣ ይሄ እኮ አልጋ ነው" አለኝ። ቀጥሎ ፈረደ፤ ሁለታችሁም ብቻችሁን ውረዱ፣ ጅረቱ ጋ ቀድሞ የደረሰ ቀኑን ሙሉ እኔን ይይዛል አለ።

ቁርበት ፀጉሩ ከአንገት ወደ ጅራት ይተኛል፤ አንገቱን አስቀድመህ ከወረድክ እንደ ዘይት ነው፣ ጅራቱን ካስቀደምክ ፀጉሩ ቆሞ መሬቱን ይቧጥጣል። ይህን የወሎ ሕፃን ያውቃል። እኔ ግን ሳነጥፍ ዓይኔ ቁርበቱ ላይ አልነበረም፤ ልጁ ዲሳሳን አንገቱን አቅፎ በጆሮው የሆነ ነገር ይነግረው ነበርና እሱን ነበር የማየው።

ዲሳሳ ልጣጩ ላይ ተቀምጦ ሽው ብሎ ወረደ። እኔ ግማሽ መንገድ ላይ ቀጥ አልኩ። በመዳፌ ብቀዝፍ፣ በወገቤ ብነቀንቅ ወይ ፍንክች፤ እንደ ዳኛ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ከበቡሽ ሳቋ ከብት አስበረገገ። ዲሳሳ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ተመልሶ ወጣና የቁርበቱን ጠርዝ ገልጦ ፀጉሩን በመዳፉ ዳሰሰ።

"ጋሽ ሞላ፣ ጅራቱን አስቀድመውት ነው። እናዙረውና እንደገና እንውረድ።"

"አይደለም፤ ደክሞት ነው" አልኩ።

"ቁርበት ይደክማል እንዴ?"

"ከወሎ ድረስ መጥቶ እንዴት አይደክም።"

ሳቀ፣ ግን ቁርበቱን ሊያዞርልኝ የዘረጋውን እጁን አልሰበሰበም። እኔ ጠቅልዬው ተነሣሁ። ቶላ ቀኑን ሙሉ ከሱ ጭን አልወረደም፤ እኔ ቡናው ሥር ተቀምጬ ቆጠርኩ፣ አሥራ ሰባት ጊዜ ወረዱ።

ዛሬ ያ ቁልቁለት ባሕር ዛፍ ተተክሎበታል፣ ቁርበቱን አይጥ በልቶታል፣ ዲሳሳ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆነው። ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነበርኩ፤ እውነቱን ነበር፣ ጅራቱን ነበር ያስቀደምኩት የምትል አንዲት ቃል ግን እስከዚያ ቀን ድረስ ከአፌ አልወጣችም። ቶላም የዚያን ቀን ነገር ሲያወራ የሚያወራው በኦሮምኛ አካኮ፣ አያቴ፣ ስለሚለው ስለ ዲሳሳ ነው፤ እኔ ያለሁበት መሳቂያው ላይ ነው።

ያን ዕለት ዝናብ ይዞን እዚያው አደርን። በማግሥቱ ሰው ሳይነሣ፣ ጉሙ ከቡናው ላይ ሳይነሣ፣ ቁርበቱን ይዤ ወጣሁ። ፀጉሩን በመዳፌ ዳስሼ አንገቱን አስቀደምኩ፣ ተቀመጥኩ፣ ልጅ እንዳቀፈ ሰው ሁለት እጄን ጭኔ ላይ አጥፌ ወረድኩ። አንድም ቦታ ሳይዘኝ ጅረቱ ጋ ደረስኩ።