ያልደወለው ማንቂያ

አውቶቡሳችን አዋሽ ሰባት ኪሎ ለምሳ ሲቆም፣ ፊት ለፊቴ የተቀመጠው ሰው ምግብ አላዘዘም። የጋለ ላፕቶፑን እርጥብ ፎጣ ላይ አስቀምጦ፣ ሰመራ የክትባት ፍሪጅ ከምትጠብቅ ሠራተኛ ጋር በስልክ ያወራል። የሸሚዙን አንገትጌ የላብ ጨው አንጥቶታል።

«ፋሪሃ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። የፍሪጁን ማንቂያ ፕሮግራም በፓስካል ቋንቋ ስጽፍ ‹አስጠንቅቅ› የሚለውን ስም ለሁለት ፕሮሲጀር፣ ማለት ለሁለት የትእዛዝ ክፍል፣ ሰጠሁት። አንዱ ሙቀቱን መዝግቦ ዝም ይላል፤ ሌላው ስልክ ቁጥር ተቀብሎ ይደውላል። ስሙን የሚጠራውን መስመር ያለ ስልክ ቁጥር ስለጻፍኩት፣ ፕሮግራሙን ለማሽኑ የሚተረጉመው ኮምፓይለር ከዝምተኛው ጋር አገናኘው። ትናንት ፍሪጁ ሲሞቅ ያልደወለልን ለዚህ ነው። አሁን አስተካክዬ ልኬዋለሁ። የሙቀት መለኪያውን ከፍሪጁ አውጥተሽ በመዳፍሽ ያዢው። ማንቂያው ከሠራ ለኔ ይደውላል።»

ስልኩን ዘግቶ ጠረጴዛው ላይ አጋደመው። ወዲያው ጠራ። ስክሪኑ ላይ ‹ቤት› ይላል። መስመሩ እንዳይያዝ ቆረጠው። ደግሞ ‹ቤት›። ደግሞ ቆረጠው። ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ፤ እሱ ግን ከስልኩ ላይ ዓይኑን አልነቀለም።

ሦስተኛው ጥሪ የፍሪጁ ነበር። «አልሐምዱሊላህ!» አለና ፊቱን በሁለት እጁ ጠረገ።

«ወንድሜ፣ ከቤት እየፈለጉህ ነው» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ። ለፋሪሃ ደወለ። «ሠርቷል፤ መለኪያውን መልሺው።» ላፕቶፑን ሊዘጋ ጀመረ። «ቆይ… እርግጠኛ እንድንሆን አንድ ጊዜ ደግመሽ አውጪው።»