በጨርቅ መቀስ የተማርኩት እንግሊዝኛ

የሁለተኛ ዲግሪ መግቢያ ፈተና ሁለት ጊዜ የጣለኝ በእንግሊዝኛው ነው። ከጎጃም ተመድቤ አሰላ የመጣሁ ነርስ ነኝ። ቁስልም ደምም አያስፈራኝም፤ ከረጅም የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ጋር ግን ዓይንና ናጫ ነበርን። ለሦስተኛ ጊዜ ብወድቅ የትምህርት ዕድሉ ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ አለቃዬ ቁርጡን ነግሮኛል።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ወደ አንዲት ጨርቅ ነጋዴ ላከችኝ። የከተማዋ ተወላጅ ናቸው፤ ጡረታ እስኪወጡ እንግሊዝኛ አስተምረዋል። እውነቱን ልናገርና ሱቁን ሳይ ተናደድኩ። በጨርቅ ጥቅል መሀል ምን ሰዋስው ይገኛል?

«የጣለሽን ዓረፍተ ነገር ጻፊልኝ» አሉና ካኪ ወረቀት ሰጡኝ። ጻፍኩ። በአማርኛ ትርጉሙ እንዲህ ነበር፦ ሐኪሙ ትኩሳቱ ያልበረደለትን በሽተኛ አልጋ ስለጠፋ አሰናበተው። በእንግሊዝኛው ማሰናበቱ ፊት፣ ትኩሳቱ መሀል፣ አልጋው መጨረሻ ላይ ነው።

«ዋናው ነገር የቱ ነው?»

«አልጋ መጥፋቱ ነዋ!» አልኩ በሙሉ ልብ።

ሳቁ። «አማርኛም ኦሮምኛም ዋናውን ለመጨረሻ ያቆያሉ። አንቺም ጓሮ በር ላይ ቆመሽ ትጠብቂዋለሽ። እንግሊዝኛ ላይ ግን እሱ በፊት በር ገብቶ ተቀምጧል እኮ፣ ልጄ!»

ከዚያ የጨርቅ መቀሳቸውን አነሡና ወረቀቱን በየመጋጠሚያው ቆረጡት። ሙሉ ሐሳብ ሆኖ ብቻውን የሚቆመውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። የማይቆሙትን እጄ ላይ አስያዙኝ። «የማን እንደሆነ እስክታውቂ እንዳታስቀምጪው።» ደንበኛ መጥቶ ሦስት ሜትር ሲያስለካ፣ እኔ ቁራጭ ወረቀት ይዤ እንደ ሞኝ እቆማለሁ። ቁራጩን ወስጄ ትክክለኛው ጎን ሳስቀምጠው «ማሻአላህ» ይሉኛል፤ ሜትራቸውን ሳይለቁ።

ከሥራ በማርፍባቸው ቀናት ሁሉ እየተመላለስኩ ሁለት ወር ቆረጥን። ከአንደኛ ክፍል እስከ ኮሌጅ ብዙ አስተማሪ አይቻለሁ፤ እንደሳቸው ያለ አላየሁም። አንድ ቀን እንኳ ገንዘብ አልተቀበሉኝም፣ አንድ ቀን እንኳ «ይህንንም አታውቂም?» አላሉኝም። መቀሳቸው ሲያልፍ የፈራሁት ዓረፍተ ነገር ሁለት ሦስት ጨዋ ነገር ሆኖ ይቀራል።

የፈተናው ክፍል ውስጥ መቀስ የለም። ከጠረጴዛው ሥር በሁለት ጣቴ አየሩን ስቆርጥ ፈታኙ በጥርጣሬ አየኝ። ይየኝ!

ውጤቱ እንደወጣ በባጃጅ ወደ ሱቃቸው በረርኩ። ገና አፌን ሳልከፍት ካኪ ወረቀት አቀበሉኝ። «በእንግሊዝኛ ጻፊው።»

እርስዎ ስላስተማሩኝ አለፍኩ፣ ብዬ ጻፍኩ። ማለፌን ፊት አደረግኩት።

አነበቡት፤ ቆረጡት። ማለፌን ለእኔ ሰጡኝ። «ይሄ ብቻውን ይቆማል፤ ይዘሽ ሂጂ።» እርስዎ ስላስተማሩኝ የሚለውን መዳፋቸው ውስጥ ያዙት።

ደንበኛ ገባ፤ አምስት ሜትር ጠየቀ። ቁራጩን የያዘውን መዳፍ ሳይከፍቱ በአንድ እጃቸው ለኩለት።