ሁዳዴ በፍሎረንስ

እማዬን «አርችዌይ ሄለን ቤት ነኝ» ብያት ነው ከዚህችው ጓደኛዬ ጋር ቦርሳችንን አዝለን ከለንደን ጣሊያን፣ ፍሎረንስ የሄድነው። ጊዜው ሁዳዴ ነው። ቀኑን ሙሉ ጥንታዊውን ከተማ ስንዞር ውለን፣ አደባባዩ ላይ ካለ ካፌ ደጃፍ ተቀምጠን ወተት ያለበት አይስክሬም ስንበላ እማዬ ደወለች።

«የት ነሽ?»

«አርችዌይ።»

«ጾምሽን እንዳትፈቺ።»

«ኧረ እማዬ። አንቺስ?»

«ቶተንሃም ቤቴ ነኛ። ሽሮ እየሠራሁ።»

ይሄኔ የካቴድራሉ ደወል ጮኸ። እንዳትሰማብኝ ስልኩን በእጄ ልሸፍን ስል፣ ያው ደወል ከስልኩም ውስጥ ጮኸ። ሄለን ክንዴን ጨምቃ ወደ ኋላ አሳየችኝ። እማዬ ከእኛ ሦስት ጠረጴዛ አልፋ፣ ከእኔ የሚበልጥ አይስክሬም ይዛ ተቀምጣለች። ዓይን ለዓይን ተጋጨን።

«በይ ቻው፣ ሽሮው አረረብኝ» ብላ ዘጋችው።