ዝም ማለት ያስተማርናት ዘሀራ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ መዋዕለ ሕፃናት የወላጆች ስብሰባ ጠርቶ ምራቴ እኔንም ይዛኝ ሄደች። የሸዋ ሮቢት ሙቀት አዳራሹን ምድጃ አድርጎታል። መምህሯ ልጅ እግር ናት፤ ልጅን ያለ ጩኸትና ያለ ዱላ፣ ረጋ ብሎ ስለ መቅጣት አስረዳችን። ዓይን ዓይኑን እያያችሁ ንገሩት፣ ደጋግሙለት፣ ሲያደርገው አመስግኑት አለች። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔ ግን አክስቴ ፋጡማ ትዝ አለችኝና እጄ አልነሳ አለኝ።

ዘመኑ ደርግ ነው። የምንኖረው ቀወት ቆላ፣ ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ በሚሄድበት አገር ነበር። ወንድሜ ሰይድ ለውትድርና የሚፈለግ ጎረምሳ ነው፤ ታጣቂዎች በመጡ ቁጥር ይደበቃል። ከመንደራችን የታፈሱት የት እንደ ደረሱ እንኳ ወሬ የለም። እኔ ያኔ ኮረዳ ነኝ። ታናሻችን ዘሀራ ገና አራት ዓመቷ ነው፤ ያየችውን ሁሉ ትለፈልፋለች፣ ወይ አፍ!

አንድ ቀን ታጣቂ መጥቶ «ወንድምሽ የታለ?» ቢላት፣ ደስ ብሏት «ጋሼማ ቆጥ ላይ ተኝቷል!» አለችው። ሰይድ በጓሮ ዘሎ ማሽላው ውስጥ ገባና ለጥቂት አመለጠ።

እናቴ ፍም ላይ በርበሬ ጣል አድርጋ ልታጥናት ጎተተቻት። ልጅ የሚቀጣው እንዲህ ነበር፤ ጭሱ ላይ ተደፍቶ ትንፋሽ እስኪያጥረው። አክስቴ ፋጡማ ከእጇ ነጠቀቻት። አክስቴ ድምጿን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ሴት ነበረች።

«ተይ እንጂ አንቺ! ጭስ ምን ያስተምራታል? ስታለቅስ የባሰ ትናገራለች» አለቻት።

ከዚያ ጭኗ ላይ አስቀመጠቻት። «ዘሀሬ፣ ስሚኝ የኔ እናት። ስለ ጋሼ ማንም ቢጠይቅሽ፣ አላየሁም ነው የምትይው።»

«እማዬም ብትጠይቀኝ?»

«ማንም ቢጠይቅሽ።»

በየቀኑ ታለማምዳት ጀመር። ድምጿን እንደ ወንድ አጎርንና ትጠይቃታለች፤ ልጅቱ «አላየሁም» ስትል ጥንቅሽ ልጣ ትሰጣታለች። ስትሳሳት አትቆጣትም፤ እንደገና ትጀምራለች። የጥቅምት ጥንቅሽ መቼስ ማር ነው። እኛም በየተራ እየጠየቅናት እንስቅ ነበር። ያ ታጣቂ ተመልሶ በከረሜላ ሲያባብላት፣ ከረሜላውን ተቀብላ «አላየሁም» አለችው። ወላሂ፣ እናቴ በደስታ አለቀሰች።

አጨዳ ሊጀመር ሲል ነው። ሰይድንና ዘሀራን ቤት ትተን ማሳ ላይ ሳለን፣ መኪና መጣ የሚል ጩኸት ሰማን። ሮጠን ስንደርስ ታጣቂዎቹ ባዶ እጃቸውን ሄደዋል። ዘሀራ ግቢው ውስጥ ብቻዋን ትጫወታለች።

«ወንድምሽ የት ገባ?» አላት አባቴ።

«አላየሁም።»

እናቴ ጠየቀቻት፤ አላየሁም። አክስቴ ተንበርክካ ስትጠይቃት፣ «አላየሁም» አለችና እጇን ዘረጋች። አክስቴ ስማት ጥንቅሽ ሰጠቻት። ሰይድ እንደ ልማዱ ጀውሃ ካለው አጎታችን ዘንድ ሄዷል ብለን አልሀምዱሊላህ አልን።

በማግስቱ እናቴ ማሽላ ልታወጣ ስትል ግቢያችን ውስጥ የተቆፈረው የእህል ጉድጓድ መምረጊያ ጭቃ ተሰነጣጥቆ አገኘችው። ታሽጎ የከረመ ጉድጓድ ሳይናፈስ አይገባበትም፤ ውስጡ የታፈነው አየር ይገድላል። ይህን የማያውቅ የቆላ ሰው የለም። ሰይድም ያውቅ ነበር። ግን መኪናው ደጅ ላይ ሲደርስበት ምን ያድርግ? ገብቶ ክዳኑን በላዩ ላይ ስቦታል።

ሬሳውን ሲያወጡት እናቴ አፈር ላይ ተደፋች። ዘሀራ የአክስቴን ቀሚስ ይዛ ቀና አለችና «እኔ አልተናገርኩም» አለቻት።

ሽማግሌዎቹ፣ ያ አየር ጊዜ አይሰጥም፣ ብትናገርም አትደርሱለትም ነበር ብለው አጽናኑን። እናቴ እስክትሞት ድረስ አላመነቻቸውም። እኔ እንጃ። አክስቴን ማንም አልወቀሳትም፤ እሷ ግን ከዚያ ወዲያ ሕፃን አጠገቧ ሲመጣ ተነስታ ትሄድ ነበር። ዘሀራ ዛሬ አጣዬ ትኖራለች፤ ወልዳ ከብዳለች። ያን ቀን እኛም አንስተንባት አናውቅም፣ እሷም አንስታ አታውቅም። እኔን ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ከስብሰባው ስንመለስ ምራቴ «እትዬ፣ ትምህርቱን አልወደዱትም እንዴ?» አለችኝ።

«ኧረ ወድጄዋለሁ» አልኳት። «በርበሬ ከማጠን በስንት ጣዕሙ! ልጅ ረጋ ብለው የነገሩትን አይረሳም። ብቻ አንድ ቀን ዝም በል የምትይው ነገር ከመጣ፣ ለአንቺ ግን እንዲናገር አስቀድመሽ ንገሪው።»