ከእንጦጦ ግርጌ ያለው ደልዳላ

አባቴ በየዓመቱ ጳጉሜን ላይ ጀሶ ያቦካል። ክረምቱ ሲወጣ የሳሎናችን ግድግዳ ከመስኮቱ ጥግ እስከ ወለሉ ተሰንጥቆ ይገኛል። እሱም ይደፍነዋል፣ ቀለም ይቀባዋል፣ እንቁጣጣሽን በአዲስ ግድግዳ እንቀበላለን። በዓመቱ ያው ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ባልዲውን የያዝኩለት እኔ ነኝ። ስንጥቁ ከየት እንደሚመጣም ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ ግን አንድም ቀን አልነገርኩትም።

ቤታችን ከወሰን ሰፈር ወደ ላይ፣ ዳገቱ ሊጀምር ሲል ነው። ስንሠራው ሰፈሩ ባህር ዛፍና የገብስ ማሳ ነበር። አባቴ የአውቶቡስ ሹፌር ሆኖ ዕድሜውን በኪራይ ቤት ከገፋ በኋላ በስንት መከራ ያገኘው ቦታ ነው። እኔ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ነበርኩ፤ የማጠናውም ስለ መሬት ነው። ስለ መሬት የማላውቀው ያለ አይመስለኝም ነበር።

መሠረቱ የሚቆፈር ዕለት ግንበኛው፣ ሽማግሌ ሰው ናቸው፣ ዲጂኖውን እያነሱ ይጥሉና ጆሯቸውን ይሰጣሉ። በላይኛው ወገን ብረቱ ድንጋይ አግኝቶ ይጮሃል። በታችኛው ወገን የታፈነ ድምፅ ያሰማና ይሰምጣል። ጠለቅ ብለው አስቆፈሩ፤ ለውጥ የለም። ቤቱን ወደ ላይ፣ አለቱ ላይ እናውጣው፣ እዚህ ጋ ምድሩ አልተጋጠመም አሉ። አባቴ ዳገቱን አየና ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺ የተማርሽው፣ ምን ትያለሽ?»

አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት መጽሐፍ አጠበች ይባል የለ? እኔም አጠብኩ። ደልዳላ ነው፣ ውሃው ቅርብ ነው፣ ዳገት ላይ ከመንጠልጠል እዚህ ይሻላል፤ የለሰለሰውን ወገን ገረጋንቲ ሞልቶ መጠቅጠቅ ነው አልኩ። ግንበኛው ዲጂኗቸውን አጥሩ ላይ አስደግፈው ካስማቸውን ደልዳላው ላይ ተከሉ። አባቴ በኩራት ደረቱን ሲነፋ አየሁት፤ ለምን እዋሻለሁ፣ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር።

በዓመቱ አስተማሪያችን ማዶ ካለ ጉብታ ላይ አቁሞን እንጦጦን አሳየን። እስከዚያ ቀን ተራራ ብቻ ነበር የሚመስለኝ። ውሃ ብቻውን ያበጀው ተራራ ግርጌው ወጣ ገባ ይላል፣ ይሄ ግን እንደ ተወጠረ ገመድ ቀጥ ያለው ለምንድን ነው ብሎ ጠየቀን። ሸንተረሮቹ ግርጌው ላይ ሲደርሱ ተቆርጠው፣ ሦስት ማዕዘን ፊት ይዘው ቆመዋል። ሸለቆዎቹ ወደ ላይ ሰፊ ናቸው፤ መውጫቸው ላይ ግን ጠበው ጠልቀዋል፤ መሬቱ ከሥራቸው ስለሚወርድ ጅረቱ ወደ ጎን ለማስፋት ጊዜ የለውም፣ ወደ ታች ብቻ ይቆፍራል። ምንጮቹም በአንድ መስመር ነው የሚፈልቁት። ምድር እዚህ መስመር ላይ ተሰንጥቃለች፣ የተራራው ወገን እንደቆመ የከተማው ወገን በዘመናት ብዛት ይወርዳል፣ አሁንም አላበቃም አለን። በመጨረሻ እንደ ቀልድ አድርጎ፣ ተራራ ሥር ደልዳላ ካያችሁ ተጠራጠሩ፣ ወይ የወረደ ነው ወይ የተናደ ነው አለ። ክፍሉ ሳቀ። የቤታችን አዲስ ቆርቆሮ እዚያ ደልዳላ ላይ ያብረቀርቃል።

ወይ ነዶ! በዚያው ቀን ብናገር ምን ነበረበት? ግን ቤቱ አልቋል፣ አባቴ ለመጣ ለሄደው ቦታውን ያረጋገጠችልኝ ልጄ ናት ይላል። ነገ ዛሬ ስል መምህር ሆንኩ። አሁን ይህንኑ ተራራ ሰሌዳ ላይ እየሣልኩ የሰው ልጅ አስተምራለሁ፣ በፈተናም አወጣዋለሁ። ወደ ቤት ስመለስ ግን ባልዲ እይዛለሁ።

ባለፈው ጊዜ ከአዋሽ በኩል የመጣው መንቀጥቀጥ ሲሰማን ምሳ ላይ ነበርን። ብርጭቆዎቹ ተንኳኩ፣ ከዚያ ዝም አለ። ቀና ስል ስንጥቁ ጣት ያስገባል። ከዚህ በኋላ መደበቅ ነውር ነው አልኩና ሁሉንም ነገርኩት፤ መስመሩን፣ ምንጮቹን፣ አስተማሪዬን፣ ግንበኛው እውነታቸውን እንደነበር። ከዚህ ቤት እንውጣ ብዬ ለመንኩት። እያለቀስኩ ነበር።

አባቴ እጁን ታጥቦ ተመለሰና ተቀመጠ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ወጥተን የት እንሂድ አለ። የመምህር ደመወዝ እዚያ ታች ሲኤምሲ ሰፈር አንድ ክፍል አያከራይም። እንሽጠው አልኩ። ምን ብዬ ነው ለሰው የምሸጠው፣ ሰው ላይ ይውደቅ ብዬ ነው? አለኝ። እሱም እውነቱን ነው። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀኝ።

«ጎረቤቶቹንስ ምን እንበላቸው?»

የቱን ጎረቤት አልኩት። እሱ እንደነገረኝ፣ እነሱም መሠረት ሊያስቆፍሩ በመጡ ቁጥር እሱን አማክረዋል። እሱም ለሁሉም የእኔን ቃል ሰጥቷቸዋል፤ ልጄ አጥንታዋለች፣ ደልዳላውን እንዳትለቁ እያለ። አንዱን ሰውዬ ከአለቱ ላይ ካስማውን አስነቅሎ ወደ ታች ያወረደው እሱ ነው። ካፍ ከወጣ አፋፍ ማለት ይሄ ነው። እኔ ሃያ ዓመት ዝም ስል ቃሌ ለካ ሰፈር ሲያሠራ ኖሯል።

ወጣሁ። በየቀኑ የማልፍበትን ሰፈር ቆሜ አየሁት። ሰባት ግቢ ከተራራው ግርጌ በአንድ ረድፍ ተሰድሯል፤ ወደ ላይ፣ አለቱ ላይ የወጣ አንድ ቤት የለም። እስከዚያ ቀን መንገዱን ተከትለው የሠሩ ነበር የሚመስለኝ።

ባለሱቋ ጎረቤታችን በራቸው ላይ ቆመው ነበር። መንቀጥቀጡ አስደንግጧቸዋል፤ ሲያዩኝ ግን ፊታቸው በራ።

«የኔ ልጅ፣ እንኳን መጣሽልን። ለልጃችን ሠርግ ፎቅ ልንጨምርበት ነበር፤ እስቲ ገባ በይና ግድግዳውን እይልን። አንቺ ካልሽ ይበቃናል።»

ገባሁ። ባልየው ሶፋውን ከግድግዳው ፈቀቅ አድርገው ስንጥቁን አሳዩኝ። አጎንብሼ አየሁት፤ ቤተሰቡ በሙሉ ከኋላዬ ቆሞ የምለውን ይጠብቃል።