ከሞተሩ ኋላ የቆሙት ሰው

ጉተማ ፈሪ ሰው አይደለም። ፍሪጅ በጀርባው አዝሎ ሦስተኛ ፎቅ ሲወጣ አይቼዋለሁ፤ ቁም ሣጥን ሲያወርድ እንኳ ያንጎራጉራል። መካኒሳ አቦ አካባቢ ቤት የቀየረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እኔ ኢፋ እባላለሁ፤ ከእሱ ጋር ዕቃ ስንጭንና ስናወርድ ስምንት ዓመት ሆነን። ሥራ ስንከፋፈል እሱ ከታች ሆኖ ይገፋል፣ እኔ መኪናው ላይ ሆኜ ገመድ እይዛለሁ። ሰው ቀላሉን መርጠሃል ይለኛል። እውነት ነው፣ መርጫለሁ።

ሞተር ሳይክል ጫኑ ሲባል ግን ጉተማ ሌላ ሰው ይሆናል። ከዐምና ሐምሌ ወዲህ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ወገቡን ያመዋል፤ ቀጥሎ ያልደረሰው ለቅሶ ትዝ ይለዋል። አንድ ቀን የሞተሩን ባለቤት "ነድተኸው ብትሄድ አይሻልም?" ብሎ ሲመክረው ሰምቼ ሳቄ መጣ። ወዲያው እጁን አየሁና ሳቄን ዋጥኩ። የአጥሩን ብረት ጨምድዶ ይዞ ነበር።

ሙሉ ምክንያቱን የምናውቀው ሁለታችን ብቻ ነን። ዐምና ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ አባርቶ ጭቃው ሳይደርቅ፣ አንድ ሞተር በጣውላ ወደ አይሱዙ ስናወጣ ጋሽ እንግዳ በዚያ ያልፉ ነበር። ጡረታ የወጡ አናጢ ናቸው፤ የሰፈሩ ትልቅ ሰው። ጉተማ ገዲሴን ሲያገባ ሽማግሌ ሆነው ሄደው የጠየቁለት እሳቸው ናቸው። በእኛ ሰፈር ደግሞ ዕቃ ሲጫን አይቶ እጁን ጣል ሳያደርግ ማለፍ ነውር ነው። "በርቱ" ብለው መጡና ከሞተሩ ኋላ፣ ከጣውላው ግርጌ ቆመው ይገፉ ጀመር።

እዚያ ቦታ ሰው አይቆምም። ሞተር ካመለጠ የሚመጣው በዚያ በኩል ነው፤ ሥራውን ስንጀምር መጀመሪያ የተማርነው ይህንን ነው። ጉተማ አያቸው። እኔም አየኋቸው። እሳቸውን የሚያህል ሰው ዞር ይበሉ አይባልም ብለን ዝም አልን። ጣውላው ሸሸ፤ መቶ ሃያ ኪሎው እግራቸው ላይ አረፈ።

ሦስት ወር ተኙ። እግራቸው ውስጥ ብረት ገባ፤ አሁን የሚሄዱት በከዘራ ነው። ለጠየቃቸው ሁሉ "ጥፋቱ የራሴ ነው፤ ከኋላ መግባቴን ልጆቹ አላዩም" ይላሉ። ጉተማ እሁድ እሁድ ክንዱን አስይዞ አቦ ቤተ ክርስቲያን ያደርሳቸዋል። መንገዱን ሙሉ ይመርቁታል። ምርቃቱን ሰምቶ ሲመለስ ፊቱ አመድ ይመስላል። "እንንገራቸው" ይለኛል። "ነግረን ምን ልናተርፍ?" እለዋለሁ። እኔ እንዲህ ዓይነት ሰው ነኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ራጉኤል ጠራን። የጋሽ እንግዳ የክርስትና ልጅ ነው፤ በሞተር ዕቃ እያደረሰ ነው የሚተዳደረው። ጎፋ ቤት ተከራይቷል። ወድቆ ክንዱን ስለተሰበረ በጄሶ ታስሯል፣ አብሮት የወደቀው ሞተርም ማርሹ ተበላሽቶ ቆሟል። አልጋውንና ሶፋውን ጫንን። ሞተሩ ቀረ። ጉተማ ወገቤን አላለም። የጋሽ እንግዳን የክርስትና ልጅ በምን አፉ እምቢ ይበል?

ጣውላውን ከአይሱዙው ጋር አሰረ፤ ረግጦ ሞከረው፤ ፈታና እንደገና አሰረው። በመኪናው ጎማ ሥር ታኮ አደረገ፤ ሄዶ ሲያበቃ ተመልሶ ታኮውን በእግሩ መታ መታ አደረገው። መዳፉን አፈር ላይ አሸ። ያስፈራው የማርሹ ነገር ነበር። ደህና ሞተር ማርሽ ካስገቡበት ጎማው ይይዛል፤ ይሄኛው ግን ለቀቅ ሲያደርጉት ዝም ብሎ የሚንከባለል ነው። የቀረን የፊት ፍሬንና እኔ ከላይ የመኪናው ብረት ላይ ጠምጥሜ የምይዘው ገመድ ነው።

"ኢፋ፣ ገመዱን ብረቱ ላይ ስንቴ ጠመጠምከው?"

"በቂ ነው፣ አታስብ።"

አንዴ ነበር የጠመጠምኩት። እሱ ሲፈራ እኔ ሰልችቶኝ ነበር።

ጉተማ በግራ በኩል ፍሬኑን ይዞ ቆመ፤ ሹፌሩ ነገሪ በቀኝ ያዘ። "ያዝ" ይላል ጉተማ፣ አንድ እርምጃ ይወጣሉ፤ "ቁም" ይላል፣ ይቆማሉ። የፊት ጎማው መኪናው ላይ ወጣ። የኋላው ጣውላው መሐል ደርሶ ትንሽ ወዝወዝ አለ።

ያኔ ነው ጋሽ እንግዳን ያየኋቸው። የክርስትና ልጃቸውን ሊሸኙ በቤቱ ጓሮ በኩል መጡ፤ ሞተሩ ሲወዛወዝ አዩ፤ ከዘራቸውን መሬት ላይ አስቀምጠው፣ እያነከሱ ጣውላው ግርጌ ገብተው፣ ሁለት እጃቸውን ከሞተሩ ኋላ ሰደዱ። ያው ቦታ። ያው ሰው። ራጉኤል ደስ ብሎት "እግዜር ይስጥልኝ አባቴ" አለ።

ልክ እንደ ዐምናው እሳቸውን እያየሁ ደርቄ ቀረሁ፣ እጄ ገመዱ ላይ መኖሩንም ረሳሁት። ጉተማ ሞተሩ ድንገት ስለቀለለው ዞር ብሎ አየ።

"ውጣ!" ሲል ጮኸ። "ከዚያ ውጣ፣ አንተ ሰውዬ!"

ጋሽ እንግዳን አንተ ያላቸው ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ደንግጠው እጃቸውን ለቀቁና ወደ ጎን ሸሹ፤ ሁለት እርምጃ ብቻ።

ገመዱ ያኔ ከብረቱ ላይ ሾለከ። መዳፌን ልጦት ሄደ። የፊት ጎማው በፍሬን ተይዟል፣ ግን ክብደቱ ሁሉ ከኋላ ስለሆነ እንደተያዘ ይንሸራተታል። ሞተሩ ጉተማንና ነገሪን እየጎተተ ቁልቁል ወረደ፤ መሬቱን መታ፤ ከግቢው ግንብ ጋር ተጋጭቶ ቆመ። ከዘራው ከጎማው ሥር ነበር፤ ለሁለት ተሰብሯል።

ጉተማ ፍሬኑን አልለቀቀም። ጣቶቹን አንድ በአንድ ያላቀቀለት ነገሪ ነው። "ዘንድሮስ ዝም አልልም" ይላል ደጋግሞ፣ ለማን እንደሚናገር ሳይታወቅ። "ዘንድሮስ ዝም አልልም።"

እንደገና ጫንነው። ገመዱን ሦስት ዙር ጠመጠምኩት፤ ማንም ሳይጠይቀኝ። ጋሽ እንግዳ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያዩን ነበር። ሞተሩን አስረን ስንጨርስ ተጣሩ።

"ጉተማ።"

"አቤት ጋሼ።"

"ዘንድሮስ ዝም አልልም ስትል ሰማሁህ። ዐምና አይተኸኝ ነበር እንዴ?"

እንዲዋሽ በልቤ ለመንኩት። ሞተሩ ቁልቁል ሲመጣ እንኳ እንደዚያ አልፈራሁም።

"አይቼዎት ነበር" አለ ጉተማ። "እርስዎን ከዚያ ዞር ይበሉ ማለት አፈርኩ።"

ጋሽ እንግዳ ጉልበታቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። ቀና ብለው አዩኝ። "አንተስ?"

"እኔም አይቻለሁ።"

"ከእሱ ቀድመህም ሳታየኝ አትቀርም" አሉ። "ከላይ ሁሉም ይታያል።"

ሲነሱ ጉተማ ክንዱን ዘረጋላቸው። አዩት፤ ከዚያ የአይሱዙውን በር ይዘው በራሳቸው ጋቢና ከራጉኤል ጎን ገቡ። እኛ ከኋላ ከዕቃው ጋር ተቀመጥን። እስከ ጎፋ ጉተማ የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው። "ከእንግዲህ እሁድ ክንዴን አይዙም።" መዳፌ ይለበልበኝ ነበር።

ሞተር ማውረድ ከመጫን የባሰ ነው። ሲወጣ ይከብድሃል፣ ሲወርድ ያመልጥሃል። ጣውላውን አሰርን፣ ታኮውን አደረግን፣ ገመዱን ሦስት ዙር ጠመጠምኩ። ጉተማ ፍሬኑን ያዘ፣ ነገሪ በሌላው በኩል። የኋላ ጎማው ጣውላው የላይኛው ጫፍ ላይ ደረሰ።

የጋቢናው በር ተከፈተ። ጋሽ እንግዳ የመኪናውን ጎን እየተደገፉ፣ አንድ እግራቸውን እየጎተቱ ወደ ኋላ መጡ። ጉተማ "ቁም" አለ፤ ሁላችንም ቆምን። ጣውላው ግርጌ ሊደርሱ አንድ እርምጃ ሲቀራቸው ቆሙና ቀና አሉ። ያዩት ጉተማን አይደለም፤ እኔን ነው።

"ኢፋ፣ የት ልቁም?"

ገመዱን ይዣለሁ። ጉተማም ቀና ብሎ ያየኛል። አባቴን የሚያህሉ ሰው ናቸው።

"እዚያ አይደለም ጋሼ" አልኩ። ድምፄ ቀጠነብኝ። "ከዚያ ይውጡ። አጥሩ ጋ ይሂዱ።"

ሄዱ። ዞር ብለው "እዚህ?" አሉ።

"ትንሽ ወዲያ።"

"እዚህ?"

"አዎ ጋሼ፣ እዚያው ይቁሙ።"

ሞተሩን አወረድነው። "ያዝ"፣ "ቁም"፣ "ያዝ"፣ "ቁም"። የፊት ጎማው መሬት ሲነካ ጉተማ ትንፋሹ ሲወጣ ከላይ ሆኜ ሰማሁት። ጋሽ እንግዳ ካቆምኳቸው ቦታ ንቅንቅ አላሉም።

"አሁንስ ልምጣ?" አሉ።

"ይምጡ" አልኩ።

ያለ ከዘራ መምጣት አልቻሉም። ጉተማ ሞተሩን ለነገሪ ትቶ ወደ አጥሩ ሄደ፤ ክንዱን ግን መዘርጋት ፈርቶ አጠገባቸው ቆመ። ጋሽ እንግዳ እጃቸውን ሰደው ክንዱን ያዙ።