ሌባ ጣት ሲመሰክር

«ሌባ ጣት ቢሉትም ዋሽቶኝ አያውቅም» ይሉ ነበር ጋሼ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም። የካ በሚገኘው ቤታቸው በረንዳ ላይ ፊታቸውን ወደ እንጦጦ አዙረው፣ ያንን ምርጥ የዓሣ ማጥመጃ ዘንጋቸውን በሌባ ጣታቸው ላይ ያስተኙታል። ሚዛኑን ጠብቆ ከተኛ ፈገግ ይላሉ። ካዘነበለ ግን እጀታው ላይ የሚገጠመው የክር መጠቅለያ ከብዶታል ማለት ነው፤ ወዲያው ይፈቱታል።

ክንዳቸው ከደከመ ወዲህ ልጃቸውን የለመኑት አንድ ቀላል መጠቅለያ ብቻ ነበር። እሱ ግን ትልቅ፣ የሚያብረቀርቅ ይዞ መጣ። ገጥመው ጣታቸው ላይ ሲያስተኙት ዘንጉ በእጀታው በኩል ዘጭ አለ።

«ልጄ፣ ቀለል ያለ ነው እኮ ያልኩህ።»

«አባባ፣ ከሁሉም ውዱን ነው የገዛሁልዎት!»

ፈትተው መለሱለት። ሌላ አላመጣላቸውም፤ እሳቸውም ዳግመኛ ሐይቅ ሳይወርዱ ሞቱ።

በአርባቸው ዕለት ዘንጉን ከፎቷቸው ሥር ተሰቅሎ አገኘሁት። ያ ከባድ መጠቅለያ ተገጥሞበታል። ልጃቸው እንግዶቹን «አባባ ይህን መጠቅለያ በጣም ይወዱት ነበር» ይላል።

አውርጄ ባዶ ወንበራቸው አጠገብ ቆምኩና በጣቴ ላይ አስተኛሁት። ዘጭ አለ።

«ምን እያደረግክ ነው?» አለኝ ልጃቸው።

«ምስክር እየሰማሁ።»